ክብደቱ ስንት ነው? ስለ ሕፃናትና ስለ አንቲባዮቲክ በጅግጅጋ ለወላጆች የተደረገ ንግግር



ባለፈው ለልጃችሁ አሞክሳሲሊን ስትገዙ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ምን ብሎ ጠየቃችሁ? «ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይላችሁ አልቀረም። «ሽሮፕ ነው ኪኒን?» ብሎም ይሆናል። «ሆዮ (እናት)፣ ክብደቱ ስንት ነው?» ያላችሁ ግን ጥቂት ነው። እኔ በዚሁ ሙያ የምኖር ፋርማሲስት ነኝና ነገሩን ከመስኮቱ ወዲህም ከመስኮቱ ወዲያም አውቀዋለሁ። ግመል ጭኖ የሚያውቅ አባት ለትልቋና ለጥጃዋ እኩል አይጭንም። ለልጅ የሚሰጥ መድኃኒት ላይ ስንደርስ ግን «ለትንሹ ግማሽ፣ ለትልቁ ሙሉ» ብለን በዓይን እንለካለን።

አንቲባዮቲክ ለሕፃናት አይጎዳም ወይ? ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ እንዲህ ነው፦ ለሚያስፈልገው ልጅ፣ ዓይነቱ ተመርጦ፣ በክብደቱ ልክ ከተሰጠ ከጉዳቱ ጥቅሙ እጅግ ይበልጣል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ልጁ ያለ ምክንያት አደጋ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላጥራ። እናንተን አስፈራርቼ አንቲባዮቲክ ለልጃችሁ እንዳትሰጡ ለማድረግ አልመጣሁም። በዚህ ክልል አንቲባዮቲክ ያለ አግባብ ከሚወስደው ሕፃን ጎን ለጎን፣ አንቲባዮቲክ አጥቶ የሚሞት ሕፃን አለ። ሁለቱ በአንድ ክልል ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራሉ። ጅግጅጋ መሀል ያለው ልጅ አፍንጫው ስለፈሰሰ ብቻ የሴፍትሪያክሶን መርፌ ይወጋል። የአጎቱ ልጅ አይሻ ወይም ሐርሺን ገጠር ውስጥ ሳንባ ምች ይዞት ጎኑ እየገባ እየወጣ ጤና ኬላ እስኪደረስ ይደክማል። ስለ መድኃኒት ጥንቃቄ ስንናገር ይህን ሁለተኛውን ልጅ የረሳ ንግግር ግማሽ ንግግር ነው።

ሳንባ ምችን ከጉንፋን ለመለየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃል። ልጁ ሲረጋጋ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከቆጠራችሁ ፈጣን አተነፋፈስ ነውና በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው ደግሞ ቆጠራውን ተዉትና ሩጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ይህንኑ እየቆጠሩ የሳንባ ምች ሕክምናን በየጤና ኬላው መስጠት ከጀመሩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። የሚሰጡትም በውኃ ሟሙቶ የሚጠጣውን የ250 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን ኪኒን ነው። ርካሽ ነው፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ በየቀኑ የሚበጠበጠው በማንኪያ ላይ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ለአርብቶ አደር ቤተሰብ ከብልቃጥ ሽሮፕ ይህ ይሻላል።

ለምን እንደሚሻል የሽሮፑን ጠርሙስ እዩት። አሞክሳሲሊን ሽሮፕ የምንለው ከፋብሪካ ሲወጣ ደረቅ ዱቄት ነው። በሁለት ዓይነት ይመጣል፦ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊግራም ያለውና በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊግራም ያለው። ብዙ ጊዜ የአንድ ፋብሪካ ምርት ሲሆን ካርቶኑም ቀለሙም ይመሳሰላል፤ የሚለየው ቁጥሩ ብቻ ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን የአሥር ወር ሕፃን ለሳንባ ምች በአንድ ጊዜ 250 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለቴ፣ ለአምስት ቀን ይሰጠዋል። ይህ ከ125ቱ 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን ከ250ው 5 ሚሊ ሊትር ነው። እናት ባለፈው ወር «አንድ ማንኪያ» ተብላ ከነበረና አሁን የተሸጠላት 125ቱ ከሆነ፣ ልጇ አምስቱን ቀን ሙሉ የሚወስደው የሚገባውን ግማሽ ነው። ጀርሙ ላይሞት፣ ልጁም ላይድን ይችላል፤ ሰውም «አሞክሳሲሊን አልሠራለትም» ብሎ ወደ መርፌ ይሄዳል።

ማንኪያውም ሌላ ጣጣ ነው። የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል፤ የሾርባ ማንኪያማ ጭራሽ ሌላ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያለውን መለኪያ ወይም ከፋርማሲ የ5 ሚሊ ሊትር መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ዱቄቱን ስትበጠብጡ መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጋችሁ ዱቄቱን አላቁት፣ ቀጥሎ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ግማሽ ያህል ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁት፣ አረፋው ሲወርድ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ እስካለው መስመር ሙሉት። ከመስመሩ ያለፈ ውኃ መድኃኒቱን ያቀጥነዋል። በየጊዜው ከመስጠታችሁ በፊት ካልነቀነቃችሁት መድኃኒቱ ታች ይዘቅጥና በመጀመሪያው ቀን ልጁ ውኃ ይጠጣል፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከልኩ ያለፈ ይወስዳል። የተበጠበጠ ሽሮፕ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይም፤ እንደ ደወሌና ሽንሌ ባለው ሙቀትማ ከጥላ ውጭ ውሎ ማደር የለበትም። የተረፈውን ለታናሹ ማስቀመጥ የሚባለውን ነገር እርሱት። «በቀን ሁለት ጊዜ» ሲባልም ቁርስና ምሳ ላይ ማለት አይደለም፤ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕፃናቱ ራሳቸው ልመለስ፤ አዲስ በተወለዱት ላይ ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጉበቱም ኩላሊቱም ገና በሙሉ አቅማቸው አይሠሩም። ሕክምና ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በኒው ዮርክ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ኢንፌክሽን ይከላከል ተብሎ የሰልፋ መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ ሰልፋ ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙዎቹ ሞቱ፤ ሰልፋው ቢጫውን የሐሞት ቀለም ከደም ፕሮቲን ላይ አስለቅቆ ወደ አንጎላቸው እንዲገባ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ጨቅላዎች ክሎራምፊኒኮል ሲሰጥ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ምንም ካልወሰዱት ይልቅ በሦስት እጥፍ ገደማ ሞቱ። ጉበታቸው ሊያስወግደው ስላልቻለ መድኃኒቱ በደማቸው ተከማችቶ ሆዳቸው ተነፋ፣ ቆዳቸው አመዳም ሆነ፣ ልባቸው ደከመ። ሐኪሞቹ ክፉ አልነበሩም፤ የትልቅ ሰው መድኃኒት ለትንሽ ሲቀነስ ትንሽ ሰው የሚሆን መስሏቸው ነበር። ዛሬ ሰልፋ ያለበትን ኮትሪሞክሳዞል ለአራስ ሕፃን፣ በተለይ ቢጫ ለሆነው፣ የማንሰጠው ከዚያ ስለተማርን ነው።

በእኛ ከተሞች ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሴፍትሪያክሶን ነው። እኛ ሰዎች «ካልተወጋ አልታከመም» የምንል ነን፤ ሴፍትሪያክሶንም በቀን አንዴ ስለሚሰጥ ተወደደ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ማጅራት ገትርን ጨምሮ ብዙ ነገር ያድናል። ነገር ግን ዕድሜው ከ28 ቀን ያልበለጠ ሕፃን ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ እየወሰደ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሪንገር ላክቴት፣ ሴፍትሪያክሶን አይሰጠውም። ሁለቱ ደም ውስጥ ሲገናኙ እንደ አሸዋ ደቃቅ ሆነው ይረጉና ሳንባንና ኩላሊትን ይዘጋሉ፤ በዚህ የሞቱ ጨቅላዎች ስላሉ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2007 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቢጫ የሆነ አራስ ሕፃንም ከሴፍትሪያክሶን ይራቅ። ስለዚህ አራስ ልጃችሁን ካተኮሰው፣ ከቀዘቀዘ ወይም መጥባት ካቆመ በየሰፈሩ መርፌ ወግቶ የሚሸኛችሁን ሰው አትፈልጉ። ጤና ጣቢያ፣ ካራማራ ወይም ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ውሰዱት። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት እቤት የሚታይ ትኩሳት አይደለም።

ጀንታማይሲንም መርፌ ነው፤ ለጨቅላ ሕፃናት ኢንፌክሽን ከአምፒሲሊን ጋር የምንተማመንበት ነው። በኪሎ ካልተሰላ ግን ጆሮንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ የጆሮው ጉዳት ደግሞ አይመለስም። ሕፃን መስማት እንዳቃተው ለማወቅ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ያኔ ማን የቱን መርፌ ያስታውሳል?

ቴትራሳይክሊንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካፕሱሉ ተከፍቶ ዱቄቱ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ያላየ እዚህ የለም፤ ለቁስል ጥቅም የለውም፤ ቁስሉን ያቆሽሻል እንጂ። ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወይም ለነፍሰ ጡር ሲሰጥ ደግሞ እያደገ ያለውን የልጁን ጥርስ ለዘለቄታው ቢጫና ቡናማ ያደርገዋል። የዓይን ቅባቱ ግን ሌላ ነው፤ ለሕፃናት ይሰጣል፤ በትራኮማ ዘመቻ ላይም ከ6 ወር በታች ያሉት የሚያገኙት እሱን ነው። ለትልልቆቹ በዘመቻው የሚሰጠው አዚትሮማይሲን መጠኑ የሚወሰነው በቁመት መለኪያ እንጨት ነው። ይህን አስቡት፦ ሚዛን በሌለበት ሜዳ ላይ እንኳ በዓይን አይገመትም፤ እንጨት ይቆማል። መጠኑ ልክ ቢሆንም ለትንሽ ልጅ ኪኒን አፉን ይዞ ማስዋጥ ክልክል ነው፤ ሊያንቀው ይችላል።

ቀላል የሚባሉትን ጉዳቶች ቶሎ ልለፋቸው። ከአሞክሳሲሊን በኋላ ትንሽ ተቅማጥ፣ በአፍ ውስጥ ነጭ ነገር፣ ሽፍታ የተለመደ ነው። ሽፍታ ሁሉ አለርጂ አይደለም፤ ነገር ግን ሽፍታው የሚያሳክክና የሚያብጥ ከሆነ፣ ከንፈርና ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የጠጣውን ስም ጻፉ፤ በሚቀጥለው ለሐኪሙ መንገር ያለባችሁ «አንድ መድኃኒት አልተስማማውም» ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ነው። የምታጠባ እናት አንቲባዮቲክ ከታዘዘላት ደግሞ ጡት አታቋርጥ፤ አብዛኞቹ ለጡት ልጅ አይጎዱም፤ የማጥባቱ መቋረጥ ይበልጥ ይጎዳዋል።

አሁን አንቲባዮቲክ ስለማያስፈልጋቸው ሕመሞች። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የተቅማጡም አብዛኛው እንደዚያው ነው። ሮታ የሚባለው ቫይረስ ክትባቱ በአገራችን ከመጀመሩ በፊት ሕፃናትን በብዛት የሚያስተኛ ነበር፤ የሮታ ክትባት የገባው በ2006 ዓ.ም.፣ የሳንባ ምቹ ክትባት ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሁለቱ ልጃችሁን ከአንቲባዮቲክ ጠርሙስ የሚያድኑ ክትባቶች ናቸውና ካርዱን ፈትሹ። ለተቅማጥ የሚያድነው ኦአርኤስና ዚንክ ነው፦ ከ6 ወር በታች 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊግራም ዚንክ በቀን አንዴ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም ይቀጥላል። በ2009 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በክልላችን ሲከሰትም ሰው የዳነው በዋናነት በኦአርኤስና በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ደም ያለበት ተቅማጥ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ሐኪም ይየው። ትኩሳትም ሲመጣ አስቀድሞ የወባ ምርመራ ይቅደም፤ በከተማ ታንከርና በርሜል ውስጥ የምትራባው አዲሷ የወባ ትንኝ በክልላችን ቀብሪደሃር ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተገኘች ወዲህ «ከተማ ውስጥ ወባ የለም» የሚለው ወሬ አይሠራም።

ሁለት ለየት ያሉ ልጆች አሉ። አንደኛው በምግብ እጥረት ክፉኛ የከሳው፣ ፕላምፒነት የተባለውን የሕክምና ምግብ የሚበላው ነው። እሱ ባያተኩሰውም አሞክሳሲሊን ይታዘዝለታል፤ ሰውነቱ ከጀርም ጋር የመታገል አቅም አጥቷልና፣ በማላዊ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናትም ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁለተኛው ጉሮሮው ላይ በተደጋጋሚ መግል የሚይዝ ቶንሲል ያለበት ነው። ያልታከመ የባክቴሪያ ቶንሲል ከሩማቲክ የልብ በሽታ ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ «አንቲባዮቲክ ጎጂ ነው» ብላችሁ ከሐኪሙ ትእዛዝ እንዳትቀንሱ።

ስለ ንግዱ ሳልናገር ብወርድ ከእናንተ አንዳችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ቶጎ ውጫሌ ላይ ሁሉም ነገር ይገባል፤ ጨርቅም፣ ሩዝም፣ መድኃኒትም። በድንበር ተሾልኮ የገባ መድኃኒት ምንም እንኳ እውነተኛ ቢሆን በጭነት መኪና ላይ ስንት ቀን ፀሐይ እንደመታው አይታወቅም፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ ሙቀትና እርጥበት አይወድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚገኙ የሕክምና ምርቶች ከ10ሩ አንዱ ደረጃውን ያልጠበቀ ወይም አስመስሎ የተሠራ ነው። ከዚህ የሚከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ የሰልፋ ሽሮፕ በመርዘኛ ማሟሚያ ተበጥብጦ ተሽጦ ከ100 በላይ ሰው ገደለ፤ ከመካከላቸው ሕፃናት ነበሩ። ሰማንያ አምስት ዓመት አልፎት እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ያው የመርዝ ዓይነት የተገኘበት የሳል ሽሮፕ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናትን ገደለ። የመድኃኒት ቁጥጥር ሕግ በአገራችንም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚባለው። ሕጉ ግን ሱቁ ውስጥ ስኳር ከሚሸጥበት መደርደሪያ ላይ ያለውን ጠርሙስ አንሥቶ አይጥልም። እናንተ ካልገዛችሁት ነው የሚጠፋው። ባች ቁጥር፣ የሚያልፍበት ቀን፣ የአምራቹ ስምና የሚነበብ ቋንቋ የሌለው መድኃኒት ለልጅ አይሆንም።

ጉዳዩ በሰው መድኃኒት ብቻ አያበቃም፤ ከብቶቻችንም አሉ። ኦክሲቴትራሳይክሊንና ፔንስትሬፕ ለግመሉም ለፍየሉም በእረኛው እጅ ይወጋሉ፤ የእንስሳት ሐኪም ሩቅ ነውና አልፈርድበትም። ነገር ግን የተወጋች ግመል ወተቷ ውስጥ መድኃኒቱ ለቀናት ይወጣል። ያ ወተት ከባቢሌና ከጉርሱም ተነሥቶ በጀሪካን ጅግጅጋና ቶጎ ውጫሌ ገበያ ሲደርስ የየትኛዋ ግመል እንደሆነ ማንም አያውቅም። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ የመድኃኒቱን ቅሪት ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ወተቱ ስንት ቀን እንደማይጠጣ ተጽፏል፤ ያን ቁጥር ለማንበብ የሚረዳ ልጅ በየቤቱ አለ። ወተት የምትነግዱ እናቶች፣ ከምትገዙበት ሰው ላይ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ይህ ሁሉ ተደማምሮ የሚያመጣው መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል፤ ከአምስቱ አንዱ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ነው። በሀብታም አገር አንዱ መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር ሌላ ይቀርባል። እኛ ጋ ጤና ኬላው ውስጥ ለሳንባ ምች ያለችው አንድ አሞክሳሲሊን ናት። ጅግጅጋ ላይ ለጉንፋን ያባከንናት እሷ፣ አይሻ ላይ ለሳንባ ምች እንድትሠራ የምንጠብቃት እሷው ናት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የልጃችሁን ክብደት በሚቀጥለው የክትባት ቀጠሮ አስመዝናችሁ በካርዱ ጀርባ በትልቁ ጻፉት፤ በየሁለት ወሩም አድሱት። መድኃኒት ልትገዙ ስትሄዱ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ፋርማሲው ክብደቱን ሳይጠይቅ ጠርሙስ ካነሣ፣ እናንተ ንገሩት። ከነገራችሁትም በኋላ ያለ ማዘዣ ሊሸጥላችሁ ከፈለገ አትግዙት፤ ሌላ ቤት ሂዱ።